ለአንድ ቀን የታተመ ወረቀት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ መኖር ከጀመርኩ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከእነዚህ ዓመታት አብዛኛውን በሃይ ስትሪት በሚመላለሰው አውቶቡስ ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ፣ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሰሊቫንት ሆል የተባለ ሕንፃ በመስኮት እያየሁ አልፌዋለሁ። የዳንስ ትምህርት ክፍል በውስጡ እንዳለ ሰምቼ ስለነበር ሕንፃው በሙሉ የዳንስ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእስክስታ ውጭ ያለውን ዳንስ ከሩቁ የማከብር ሰው ነኝ። በዚያው ጣሪያ ሥር በዓለም ትልቁ የካርቱንና የኮሚክስ ስብስብ እንደሚገኝ ያወቅሁት ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ስሄድ ዝናብ ድንገት ወርዶብን፣ ያገኘነው በር ይሁን ብለን በገባን ጊዜ ነው።

ቤቱ ቢሊ አየርላንድ የካርቱን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይባላል። ማንም ሰው ሳይከፍል ገብቶ የሚጎበኘው የዐውደ ርእይ ክፍል አለው፤ የእህቴ ልጅ የወደደው እርሱን ነው። እኔን መልሶ መላልሶ ያስመጣኝ ግን የንባብ ክፍሉ ሆነ። እዚያ ለመግባት ተማሪ ወይም ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም። ስብስቡ በአብዛኛው ከግድግዳው ጀርባ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በሚጠበቅ መጋዘን ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አንባቢው የሚፈልገውን በካታሎግ ፈልጎ አስቀድሞ ያዝዛል፤ ባለሙያዎቹ ሳጥኑን ያመጡለታል። ቦርሳ ወደ ውስጥ አይገባም፣ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው፣ ውሰት የሚባል ነገርም የለም። መጀመሪያ ቀን ብቻዬን ስሄድ “ጥናትህ ምንድን ነው?” ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ መልስ ስደረድር ነበር የሄድኩት። የጠየቁኝ ማየት የምፈልገው ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ይህኛው ጥያቄ ይበልጥ አስቸገረኝ፤ ምክንያቱም ከ300,000 በላይ በእጅ የተሳሉ ካርቱኖች፣ 45,000 ያህል መጻሕፍትና በሚሊዮን የሚቆጠሩ የጋዜጣ ቁራጮች ካሉበት ቤት “ማየት የምፈልገው ይህን ነው” ማለት ቀላል አይደለም።

እኔ ያደግሁት ካርቱን ቆሎ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ በሚነበብበት ሰፈር ነው። አዲስ አበባ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ሩብ ኪሎ ስኳር ይሁን የአንድ ስሙኒ ቆሎ የሚቋጠረው በአሮጌ ጋዜጣ ወይም በደብተር ቅጠል ነበር። ቆሎው ሲያልቅ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ የተለመደ ነው። ካርቱን ከወጣ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ባለሱቁ ጋዜጣውን ለሁለት ለሦስት ቀድዶት ስለሚያድር፣ ጥያቄው በእኔ ቁራጭ ላይ ሆኖ መልሱ የጎረቤት ልጅ ቆሎ ላይ ይገኛል። ግማሽ ቀልድ ይዤ ያደርኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በንባብ ክፍሉ ውስጥ አንዲት የጋዜጣ ቁራጭ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልላ፣ በሳጥን ውስጥ በሳጥን ሆና በተሽከርካሪ ጠረጴዛ እየተገፋች ስትመጣ ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ባለሙያዋ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ፤ ቆሎውን በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ ረጅም ጊዜ ወሰደብን።

የቤተ መጻሕፍቱ ታሪክ የሚጀምረው በ1977 ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሚልተን ካኒፍ የተባለው፣ የአውሮፕላን አብራሪዎችንና የሩቅ አገር ጀብዱዎችን በየቀኑ በጋዜጣ ሲስል የኖረው ሰው፣ በ1930 ለተመረቀበት ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሥዕሎቹንና ወረቀቶቹን በሙሉ ሰጠ። ሉሲ ካስዌል የተባለች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቱ ውስጥ በነበሩ ሁለት ክፍሎች ተቀብላ ማደራጀት ጀመረች። በዚያ ዘመን የኮሚክስ መጽሐፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲገኝ ከተማሪ ቦርሳ እንደወደቀ ይቆጠር ነበር ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። ካስዌል የመጣውን ሁሉ እንደ ማንኛውም የታሪክ ሰነድ ቆጠረችው፤ መዘገበችው፤ ሌሎች ሠዓልያንም የእነርሱን አመጡ። ቤቱ አሁን ወዳለበት ወደ ሰሊቫንት ሆል የገባው በ2013 ሲሆን፣ የንባብ ክፍሉ በእርሷ ስም ተሰይሟል።

የቤቱን ስም ያስገኘው ቢሊ አየርላንድ የዚሁ ከተማ ጋዜጣ የሆነው የኮሎምበስ ዲስፓች ካርቱኒስት ነበር። በ1880 ችሊኮቲ በተባለች የኦሃዮ ከተማ ተወልዶ፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ተቀጥሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1935 በዚያው ጋዜጣ ሠርቷል። በየእሑዱ አንድ ሙሉ ባለቀለም ገጽ ነበረው፤ በዚያ ገጽ ላይ የወንዙ መሙላት፣ የከንቲባው ንግግር፣ የወፎቹ መመለስ ሁሉ በጎን በጎን ተሰድሮ ይታያል። ፊርማው የአየርላንዶች ምልክት የሆነችው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ነበረች፤ የእኛን ማገጥ የምትመስለዋ። አሁን በአውቶቡስ የማልፍባቸውን መንገዶች ከመቶ ዓመት በፊት ሰዎች በምን እያማረሩ ያልፉባቸው እንደነበር ያወቅሁት ከእርሱ ነው። በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የመንገድ ጭቃ አይጻፍም፤ እርሱ ግን ጭቃውን በቡናማ ቀለም አስቀምጦታል።

ከሁሉ ረጅም ሰዓት የተቀመጥኩት በካኒፍ ዋና ሥዕሎች ፊት ነው። ካርቱን በጋዜጣ ላይ የምናየው ተቀንሶ ነው፤ ዋናው ሥዕል በወፍራም ካርቶን ላይ፣ ከታተመው እጅግ በሚበልጥ መጠን የተሠራ ነው። የያዝኩት ለአንድ ቀን ጋዜጣ የተሳለ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቂት ሣጥኖች ያሉት ነበር፤ ትዕይንቱ ሌሊት ነው፣ ዝናብ ይጥላል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል ሳደርገው ከጥቁሩ ቀለም ሥር ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እርሳስ ታየኝ። ሠዓልያን መጀመሪያ በሰማያዊ እርሳስ የሚነድፉት፣ የማተሚያ ቤት ካሜራ ያንን ሰማያዊ ስለማያነሳው ነው፤ በላዩ በቀለም የተሠራው ብቻ ይታተማል፣ ንድፉን ማጥፋት አያስፈልግም። ስለዚህ ታትሞ ያልወጣው ሐሳብ ሁሉ እዚያው ተኝቷል። በአንደኛው ሣጥን የሰውዬው እጅ መጀመሪያ ወደ ላይ ተነስቶ ኖሯል፤ ኋላ ወደ ኪሱ ገብቷል። ሌላ ቦታ ላይ ነጭ ቀለም ተደርቦ አንድ ቃል ተለውጧል፤ ነጩ ቀለም በጊዜ ብዛት ወደ ክሬም ስላዘነበለ ማረሚያው ከነበረበት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ዝናቡ በአጭር ርቀት ሲያዩት ጥቂት የብሩሽ ጭረት ብቻ ነው። ፊቴን ራቅ ሳደርግ ግን ዘነበ። ይህንን ደጋግሜ ሳደርግ አጠገቤ የነበረው አንባቢ ዓይኔን ያመመኝ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ መብራቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

የእሑድ ባለቀለም ካርቱኖችም ዋናው ሥዕላቸው ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙ የሚገኘው በሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ሠዓሊው የሥዕሉን ቅጂ በውኃ ቀለም ቀብቶ “ሰማዩ ይህ ይሁን፣ ቀሚሷ ያ ይሁን” እያለ ለማተሚያ ቤት ሠራተኞች ይልክላቸዋል። እነዚያ የቀለም መመሪያዎች በሥራው ዓለም እንደ ቆሻሻ ወረቀት ይታዩ ስለነበር ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ለእኔ ከዋናዎቹ ሥዕሎች ይልቅ እነርሱ ያሳዝኑኛል፤ ብዙ ሰው የሠራበት ወረቀት ማንም ሳይፈርምበት ስለሚቀር።

በሁለተኛው ጉብኝቴ ያዘዝኩት የኤድዊና ደም የተባለችውን ካርቱኒስት ሳጥን ነው። ኤድዊና በ1893 ኦሃዮ ውስጥ የተወለደች ስትሆን፣ ከ1915 ጀምሮ ሞኒተር በተባለ የኮሎምበስ ጋዜጣ ላይ የፖለቲካ ካርቱን ትስል ነበር። በአሜሪካ ይህንን ሥራ በቋሚነት ተቀጥራ የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይከብዳል፤ ፕሬዚዳንቱንና ምክር ቤቱን በየጊዜው የምትተች ሴት፣ እነዚያኑ ሰዎች በድምፅዋ ማውረድ አትችልም ነበር። ጋዜጣው በ1917 ሲዘጋ ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ የአንድ ልጅና የውሻውን ተከታታይ ካርቱን ለአሠርት ዓመታት ስትስል ኖራለች። ውሾቿ ከፖለቲከኞቿ ይበልጥ ሕይወት አላቸው፤ ይህ ግን የእኔ አስተያየት ነው።

አሁን ወደ ጋዜጣ ቁራጮቹ ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእነርሱ ታሪክ ነውና። ቢል ብላክቤርድ የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው በ1960ዎቹ ስለ ጋዜጣ ካርቱን ታሪክ ለመጻፍ ተነስቶ በየቤተ መጻሕፍቱ ሲዞር አንድ ነገር ይደርስበታል። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት የተጠረዙ አሮጌ ጋዜጦቻቸውን ወደ ማይክሮፊልም (ገጾችን እጅግ አሳንሶ የሚይዝ የፎቶ ፊልም) እየገለበጡ ዋናዎቹን ያስወግዱ ነበር። ምክንያት ነበራቸው፤ የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ነው፣ በውስጡ የቀረው የእንጨት ንጥረ ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ይበጫል፣ አሲዱም ወረቀቱን እያደረቀ ያሰባብረዋል፣ ቦታም ይበላል። ይሁን እንጂ ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። የእሑዱ ካርቱን ቀለም በዚያ ፊልም ላይ ግራጫ ጭቃ ይሆናል። ብላክቤርድ “የምትጥሉትን ለእኔ ስጡኝ” ሲል ለግለሰብ መስጠት አይፈቀድም ተባለ። ስለዚህ በ1968 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመና የሳን ፍራንሲስኮ የኮሚክ ጥበብ አካዳሚ ብሎ ሰየመው። ስሙ ሲሰማ ዐምድ ያለው ሕንፃ ይመስላል፤ አካዳሚው የራሱ መኖሪያ ቤት ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል በየአገሩ የሚጣለውን ጋዜጣ ሲሰበስብ፣ ካርቱኖቹን እየቆረጠ በርዕስና በቀን ቅደም ተከተል ሲያደራጅ ኖረ። በ1998 ስብስቡ ወደ ኮሎምበስ ሲጓዝ ስድስት ተሳቢ የጭነት መኪና ሞላ፤ ክብደቱ 75 ቶን፣ የካርቱን ቁራጮቹ ብዛት 2.5 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ከእነዚህ አንዱን ለማየት የመረጥኩት በሪቻርድ አውትኮልት የተሳለውን፣ ቢጫው ልጅ የሚባለውን ነው። አውትኮልት የተወለደው ከኮሎምበስ የአንድ ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ በማትሞላው ላንካስተር ነው። በ1895 በፑሊትዘር የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ብቅ ያለው ይህ ራሰ በራ፣ ጆሮ ትልቅ ልጅ በቢጫ ሸማው ላይ የሚናገረው ተጽፎበት ይዞራል፤ በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ተቀናቃኝ የሆነው ሌላው የጋዜጣ ባለቤት ኸርስት ሠዓሊውን በገንዘብ አስኮበለለው፤ ሁለቱም ጋዜጦች ለገበያ ሲሉ ሁለት ቢጫ ልጆች ማውጣት ጀመሩ። ወሬን ለገበያ ሲል የሚያጋንን ጋዜጣን ቢጫ ጋዜጠኝነት ብለን የምንሰድበው ስድብ ከዚህ ጠብ ጋር የተያያዘ ነው። እኔን ያስገረመኝ የቀለሙ አለመልቀቅ ነው። ጋዜጣው በጥራዝ ውስጥ ተዘግቶ ብርሃን ሳያገኘው ስለኖረ ሸማው ዛሬም የእንቁላል አስኳል ይመስላል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ግን በጣቴ ስር እንደ ቂጣ ጫፍ ሊፈረፈር ደርሷል። በሥዕሉ ዙሪያ ያሉት ልጆች የስደተኛ ልጆች ናቸው፤ የተበላሸው እንግሊዝኛቸው እንደተናገሩት ተጽፏል። አጎቶቼ እዚህ አገር በመጡ በመጀመሪያው ዓመት የጻፉልኝን መልእክቶች አስታወሰኝ።

በብላክቤርድ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ካርቱኑን ሲቆርጥ ከአጠገቡ ያለውን ዜና፣ ማስታወቂያና የሙት መታሰቢያ ቆርጦ አስቀርቶታል። በአንድ በኩል የሃያ ዓመት ተከታታይ ታሪክን ሳይቋረጥ ማንበብ የተቻለው በዚህ አደረጃጀት ነው፤ በሌላ በኩል ያ ቀልድ ያን ዕለት ሰውን ለምን እንዳሳቀ የሚነግረን ጎኑ የነበረው ዜና ነው። ለባለሙያዋ ይህንን ስነግራት አልተከራከረችኝም፤ የተቆረጠው ባይቆረጥ ኖሮ ምናልባት ምንም እንደማይኖር ብቻ ተናገረች። እውነቷን ነው።

ሦስተኛው ቀን ለኢትዮጵያ ነበር። በ1935 እና በ1936 የታተሙ የፖለቲካ ካርቱኖችን የያዙ መጻሕፍትን አስመጥቼ ስገልጥ ዋልኩ። የጣሊያን ወረራ በዚያ ጊዜ የዓለም ካርቱኒስቶች ሁሉ ርዕስ ስለነበር ብዙ አገኘሁ። ለንደን ላይ ይሠራ የነበረው የኒውዚላንዱ ተወላጅ ዴቪድ ሎው ሙሶሊኒን እያዋረደ በመሳሉ ጋዜጣው ጣሊያን እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። አገጩን አውጥቶ የተነፋውን ሙሶሊኒን ማየት ያረካል፤ አልዋሽም። እርካታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በገለጥኳቸው ብዙ ገጾች ላይ ኢትዮጵያዊው ትንሽ፣ ባዶ እግሩን የቆመ፣ ትልልቆቹ መንግሥታት ከራሱ በላይ ሲነጋገሩ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ወዳጆቻችን የሳሉልን ሥዕል ይህ ነበር። አያቴ ያን ጊዜ ጫካ ውስጥ ጠመንጃ ይዘው ነበርና፣ ገጹን ስዘጋው እርሳቸውን ይቅርታ የጠየቅሁ ያህል ተሰማኝ። የጃፓን ኮሚክስም በብዛት አለ፤ እኔ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ስላልለመድኩ ሁለት መጽሐፍ ጀምሬ ለእህቴ ልጅ ተውኩለት።

ከመውጣቴ በፊት ለባለሙያዋ አንድ ነገር አማከርኳት። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ፣ የፕሬስ አዋጁ በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን በፈሉበት ጊዜ፣ በየሳምንቱ ካርቱኑን እየቆረጠ በሂሳብ ደብተር ላይ በዱቄት ሙጫ ይለጥፍ ነበር። እህቴ ባለፈው ስትመጣ ያንን ደብተር ከበርበሬና ከሽሮ ጋር አምጥታልኛለች፤ በርበሬውም ትንሽ ነክቶታል። ምን ላድርግ አልኳት። ፕላስተር እንዳላስጠጋ፣ የተለጠፈውን በግድ እንዳልገነጥል፣ አሲድ የሌለው ወረቀት በየገጹ መሀል እንዳስገባ፣ ከምድር ቤትና ከመስኮት እንዳርቀው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት እያለ የጋዜጣውን ስምና ቀን በእርሳስ እንድጽፍ ነገረችኝ።

እሑድ ጠዋት፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ለአጎቴ ደወልኩ። በስልኩ ካሜራ እያንዳንዱን ገጽ አሳየሁት።

“ጋሼ፣ ይሄኛው መቼ የወጣ ነው?”

“አንተ ልጅ፣ ሥራ የለህም እንዴ?” አለኝ፤ ግን መነጽሩን ሲፈልግ ይታየኛል። አብዛኞቹን ቶሎ ቶሎ ነገረኝ፤ የትኛው ጋዜጣ ስንት ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር ሁሉ። አንዱ ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ባለሥልጣንና ከወንበሩ ሥር የተደበቁ ሰዎች ያሉበት ነው፤ ከጥጉ ላይ ቀለሙ ፈስሶ የወንበሩ እግር አይለይም።

“ቀኑን እንኳ እንጃ። ብቻ ፒያሳ ገዝቼው ስመለስ ታክሲ ጠፍቶ በእግሬ ነው የመጣሁት። ዝናብ ነበር፤ ጋዜጣውን አናቴ ላይ አድርጌው ነበር። አክስትህ ‘ባርኔጣህን ልታነበው ነው?’ ብላ ስትስቅብኝ ትዝ ይለኛል።”

ደብተሩን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጌ አየሁት። የረጠበው ጥግ ሲደርቅ የተወው ቡናማ ቀለበት አሁንም አለ። ከሥሩ፣ በደብተሩ ኅዳግ ላይ፣ በእርሳስ “ፒያሳ የተገዛ፤ ክረምት፣ 1987 ዓ.ም. ሳይሆን አይቀርም፤ በዝናብ የረጠበ” ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፍን።